ቆላ የለመደ ደም

ደሴ ተወልጄ ስላደግሁ ወባ ለእኔ የሌላ ሰው በሽታ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ እናቴ ሳይመሽ እንድንመለስ ታስጠነቅቀን የነበረው ለዚሁ መሆኑን ባውቅም፣ ነገሩን ከሌሎች የእናት ሥጋቶች ለይቼ አላየውም ነበር። ሥራ ኮምቦልቻ አድርሶኝ አክስቴ ቤት በከረምሁበት ወቅት ግን፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የያዘኝ ብርድ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬም አልመለስ አለ። ብርዱ ሲለቀኝ ትኩሳቱ፣ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ላቡ ተከተለ። በማግሥቱ ደህና ሆኜ ዋልሁ፤ በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ብርዱ ተመልሶ መጣ።

የአክስቴ ልጅ በባጃጅ ይዞኝ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። እሱም “ትንሽ ራሴን ያመኛል” ስላለ ባለሙያዋ የእሱንም ጣት ወጋችና ሁለት ስላይድ አዘጋጀች። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ “ሁለታችሁም ወባ አለባችሁ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው” ስትለን እኔ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የሰማኋት፤ እሱ ግን ቆሞ ስልኩን ይነካካ ነበር። የተኛነው በአንድ ክፍል፣ የነከሰንም ምናልባት አንድ ትንኝ ነው። ሆኖም እኔ አልጋ ላይ ስወድቅ እሱ ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ነበር። ማታ ሲመለስ ራስጌዬ ተቀምጦ “አብሽር፣ እኛ እንኳ ለምደነዋል፤ ደማችን ቆላ ለምዷል” አለኝ።

ሊያጽናናኝ ያለው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከተሻለኝ በኋላም ንግግሩ አልለቀቀኝም፤ በሽታን የሚለምደው ማን ነው? ሰውየው ነው፣ ደሙ ነው፣ ወይስ ሕዝቡ? ልማዱስ የሚገኘው በምንድን ነው?

የእናቶቻችን ደም አንድ ነው

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ “ዘር ነው” የሚለው ነበር፤ እሱም ቢሆን ብዙ አላራመደኝም። እናቱና እናቴ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ያደጉት ደሴ ነው። በርግጥ በአባት እንለያያለን። ነገር ግን ለዘሩ ክርክር የማይመች አንድ ነገር አስታወስሁ። የአክስቴ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ደብረ ብርሃን ቆይቶ ወደ ኮምቦልቻ በተመለሰበት ዓመት፣ ወባ ከእኔ ባልተናነሰ ሁኔታ ጥላው ነበር። ልማዱ በዘር የወረሰው ቢሆን ኖሮ የደብረ ብርሃን ብርድ አይወስድበትም ነበር።

ይህ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። የወባ ተሕዋስ ደጋግሞ የሚይዘው ሰው ቀስ በቀስ ከፊል የመከላከል ዐቅም ያዳብራል፤ ተሕዋሱ ጨርሶ አይጠፋለትም፣ ነገር ግን በደሙ ውስጥ ያለው ብዛት ይቀንሳል፣ ትኩሳቱም ይበርዳል። ፋልሲፓረም በተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ላይ ይህን ዐቅም ማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ ምክንያቱም ተሕዋሱ የያዘውን ቀይ የደም ሴል ገጽ የሚለዋውጥባቸው 60 ገደማ ዘረ መሎች አሉት፤ ሰውነታችን አንዱን ሲያውቅበት በሌላው ይመጣል። ቫይቫክስ ላይ ዐቅሙ ፈጠን ብሎ ይገኛል። በሁለቱም ዘንድ ግን ሰውየው ወባ ከሌለበት አገር ጥቂት ዓመት ከተቀመጠ ያካበተው ዐቅም ይሳሳል። ለልጁም አያወርሰውም። እናት በእርግዝና ጊዜ የምታስተላልፈው አንቲቦዲ ሕፃኑን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ልማዱን ራሱ፣ ከባዶ መጀመር አለበት።

እዚህ ላይ ስደርስ የአክስቴ ልጅ አነጋገር ግማሽ እውነት ያለው መሰለኝ። ደሙ በርግጥ ለምዷል፤ የለመደው ግን የእሱ ደም ብቻ ነው፣ ያውም እየታመመ። “እኛ ለምደነዋል” የምትለዋ “እኛ” ግን ገና አልተፈታችልኝም ነበር። የፈታችልኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ የነገረችኝ

ካገገምሁ በኋላ አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ልጇ ስለ እኔ መንቀጥቀጥ እያሳቀ ሲተርክ፣ እኔም ያነበብሁትን ጨማምሬ ቆለኞች በወባ ላይ ስላላቸው ብርታት ማውራት ጀመርሁ፤ በአድናቆት ነበር የማወራው። አክስቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ሳለ ጀበናውን አቆመችና፣ ቀና ሳትል፣ “ከእሱ በፊት ሁለት ነበሩ እኮ” አለች።

ዝም አልን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ልጇ የበኩሯ መሆኑን ነው። እሷ ግን ከደሴ በጋብቻ ወርዳ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ጎጆ በወጣች ጊዜ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ነበሯት። አንደኛው ዳዴ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ሌላዋ አፏን ፈትታ “እማ” ትላት ነበር። ሁለቱም የሄዱት በተለያየ ዓመት፣ ግን በአንድ ወቅት፣ በኅዳር ነው። የልጇ ሆድ በግራ በኩል ጠንክሮና አብጦ እንደ ነበር ስትገልጽልኝ መዳፏን ከጎድን አጥንቷ በታች አሳርፋ አሳየችኝ፤ ጣፊያ መሆኑ ነው። በወባ አገር የሕፃናትን ጣፊያ በእጅ እየዳሰሱ የበሽታውን ክብደት መገመት በዓለም ዙሪያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የባለሙያዎች ዘዴ ሆኖ ማገልገሉን አውቅ ነበር። አክስቴ ያንን ልኬት የወሰደችው በገዛ ልጇ ገላ ላይ ነው።

“እሱ ሲመጣ ተወልን፤ ታሞ ታሞ ነው የበረታ። ታዲያ ለመድነው ይላል፣ ምን ያውቃል ልጄ” አለችኝ። ልጇ መልስ አልሰጠም። ወጉ ወደ ሌላ ዞረ፤ ሦስተኛውም ቡና ተጠጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ “ሕዝቦች ከተላላፊ በሽታዎች ጋር ይላመዳሉ” የሚል ዐረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ባለቤቱ ግን የተምታታ ነው። ሕዝብ ተሰብስቦ የሚለምደው ነገር የለም። አንዳንዶች ይሞታሉ፣ አንዳንዶች ይተርፋሉ፤ የተረፉትን ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው “ለምደዋል” ይላል። ዛሬም በዓለም በወባ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። የአዋቂዎች ብርታት በእነዚህ ዓመታት የሚገኝ ነው፤ በነዚያው ዓመታት ግን ብርታቱን ሳያገኙ የሚቀሩ አሉ።

በዘር የሚተላለፈው

እውነተኛ የዘር መላመድም አለ፤ እሱን ሳነብ ያገኘሁት ግን ከአክስቴ ነገር ያላራቀኝ ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1949 አንዳንድ የደም ሕመሞች ወባ ባለበት አገር የበዙት ከወባ ስለሚከላከሉ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አቀረበ። አንቶኒ አሊሰን ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ባካሄደው ጥናት ሲክል ሴል የሚባለውን የሄሞግሎቢን ለውጥ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ሰዎች ከወባ እንደሚጠበቁ እ.ኤ.አ. በ1954 አሳየ። ይህን ለውጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተሸከመ ሕፃን ከከባድ የፋልሲፓረም ወባ በከፍተኛ ደረጃ ይጠበቃል፤ የኋላ ጥናቶች 90 በመቶ ገደማ ያደርሱታል። ነገር ግን ለውጡን የተሸከሙ አባትና እናት ሲገናኙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ከሁለቱም ወርሶ ይወለዳል፤ የእሱ ቀይ የደም ሴሎች ማጭድ መስለው እየታጠፉ ደም ሥሮቹን ይዘጋሉ። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ ለዐቅመ አዳም የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነበር። ሁለቱ ወንድሞች የሚድኑበት ነገር ሌላውን ወንድማቸውን ይገድላል። ተፈጥሮ ይህን ስሌት የምትሠራው ለማንም ብላ አይደለም፤ በድምሩ ብዙ ልጅ የተረፈበት ዘር ይቀጥላል፣ ያ ብቻ ነው።

በእኛ ደጋ ሲክል ሴል እምብዛም አይገኝም። እኛን በቅርብ የሚመለከተን ሌላ ነው። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው በሴሉ ገጽ ላይ ባለ ዳፊ በተባለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሴሉ ላይ የለውም፤ በዚህም የተነሣ ቫይቫክስ በዚያ ሰፊ አገር ብርቅ ሆኖ ቆይቷል። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ይህን ግንኙነት ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በኢትዮጵያ ግን ፕሮቲኑ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች ተደባልቀው ይኖራሉ፤ አገራችን በአፍሪካ ቫይቫክስ በብዛት ከሚገኝባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ የሆነችውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ተሕዋሱም ቆሞ አልጠበቀም፤ ፕሮቲኑ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ በማዳጋስካርም በኢትዮጵያም ተገኝቷል።

ሦስተኛውን ነገር ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያችው ባለሙያ ነው። ለትኩሳቱ ክሎሮኪን ከሰጠችን በኋላ፣ ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ እሱን ለማጥፋት ለ14 ቀን የሚዋጥ ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት እንዳለ ነገረችን። ከመስጠቷ በፊት ግን “ከቤተሰባችሁ መድኃኒት ውጦ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት ሰው አለ?” ብላ ጠየቀችን፤ እንዲህ ያለ ነገር ካየን መድኃኒቱን አቁመን ወዲያው እንድንመለስም አጥብቃ አሳሰበችን። ምክንያቱ ጂ ሲክስ ፒ ዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት ነው። በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ እጥረት አለባቸው፤ የበዛውም ወባ በነበረባቸው አገሮች ነው፤ ምክንያቱም እጥረቱ ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያውቁት ይኖራሉ። ፕሪማኪን ሲውጡ፣ እንደ እጥረቱ ዓይነትም ባቄላ ሲበሉ፣ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ይፈርሳሉ፤ ሽንት የሚጠቁረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አያቶቻችንን ከወባ ያተረፈ ነገር የልጅ ልጆቻቸውን ከወባ መድኃኒት ጋር ያጣላል ማለት ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ነገር አላገኘሁም። ፕሪማኪን የመጣው ትናንት ነው፤ የዘር ለውጡ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የተሠራ ስለሆነ ስለ መድኃኒቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ኢንዛይሙን የሚለካው ፈጣን ምርመራ ክኒኑ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊኖር ይገባል፤ “ሽንቱ የጠቆረበት ሰው አለ?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የስንቱ ሰው አጎት ሽንት ነው በቤተሰብ የሚታወቀው?

ብርድን የተጠጉ

ስለ ቆለኞች ይህን ያህል ካልሁ ስለ እኛ ስለ ደጋዎቹም ልናገር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሙቀት ነው። ፋልሲፓረም በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመጨረስ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሳምንት ያህል ሲበቃው፣ በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ከነጭራሹ አያድግም። ትንኝ ደግሞ አራት ሳምንት የምትኖረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴ የምንኖር ሰዎች ደማችን ምንም ሳይለወጥ ተጠብቀን ኖረናል። የጠበቀን ከፍታው ነው፤ ሌሊት ቆላ አለማደር፣ ሲመሽ ወደ ደጋ መመለስ የሚለው የእናቴ ትእዛዝም ከዘር የማያንስ መላመድ ነው። ደሴና መሰል ከተሞች ከፍታ ላይ የተመሠረቱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ወባን መሸሽም በኢትዮጵያ ደጋ አሰፋፈር ውስጥ ድርሻ እንደ ነበረው ግን ብዙዎች ይስማሙበታል።

የዚህ መላመድ ድክመት ከቦታው ጋር የተሰፋ መሆኑ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ትልቁ ድርሻ ከወሎ የሄደ ነበር። መተከል፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ የወረዱት ሰዎች በረሃብ የደከሙ፣ ወባን ጨርሶ የማያውቁ ደገኞች ነበሩ፤ ወባም ብዙዎቹን ጨረሰ። በወሎ ከዚያ ዘመን ዘመድ ያልቀረበት ቤት ጥቂት ነው።

ቦታው ራሱ የከዳበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958፣ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ፣ ባልተለመደ ዝናብና ሙቀት የተነሣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ተዛመተ። በተገመተው መሠረት ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 ሞተ። ሕፃናትና አዋቂዎች ሳይለዩ ነው የሞቱት፤ አዋቂዎቹም ለበሽታው እንደ ሕፃን አዲስ ነበሩና። የኮምቦልቻ ከፍታ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ይውላል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎችም በአረጋውያን ትዝታ ውስጥ እስካሁን አሉ።

ዛሬ ደሴ ላይ “እኛ ጋ ወባ የለም” የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት ያቅተኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ተራሮች የብዙ ዓመት መዝገብ አነጻጽሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚመለስ አሳይቷል። እኛ የቆለኛው ዐቅም የለንም፤ ያለን ብርድ ነው፣ ብርዱ ደግሞ በእጃችን አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል

አባቶቻችን ፈንጣጣን ለመከላከል ከታማሚ ቁስል ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ ያስገቡ ነበር፤ እሾህን በእሾህ ማለት ይህ ነው። ከተከተቡት የሚሞት አይጠፋም ነበር፤ ሆኖም በራሱ ከሚመጣው ፈንጣጣ ይሻላል ብለው መረጡት። በኋላ አደጋው እጅግ ያነሰ ክትባት መጣ፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ፈንጣጣ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ወባም ወደዚያ መንገድ ዘግይቶም ቢሆን ገብቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2023 ሁለት የወባ ክትባቶችን ለሕፃናት መክሯል። የፈንጣጣውን ያህል አስተማማኝ አይደሉም። ቢሆንም አክስቴ በሁለት ልጆቿ የከፈለችውን ዋጋ ሳያስከፍሉ ሰውነትን ስለ ወባ ለማስተማር የተሞከሩ ናቸው፤ ከሲክል ሴል ስሌት ጋር ሳስተያያቸው፣ ያሉባቸው ጉድለቶች ትዕግሥቴን አያስጨርሱኝም።

ከአክስቴ ልጅ ጋር እስካሁን የምንከራከርበት አንድ ነገር አለ። ትንሽ ልጅ አለችው፤ ተወልዳ እስካሁን ወባ ይዟት አያውቅም፣ አክስቴ አጎበሩን በየምሽቱ ራሷ ፍራሹ ሥር ካልወተፈች አትተኛምና። እሱ “እንዲህ ከተጠበቀች መቼ ትለምዳለች? ስታድግ እንዳንተ ትሆናለች” ይላል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ያልተያዘ ሰው የመከላከል ዐቅም አያካብትም፣ ከአጎበርና ከርጭት ጀርባ ያደገ ትውልድ መከላከያው ድንገት ቢቋረጥ እንደ 1958ቱ ደገኛ ይጋለጣል። በቅርቡም ያየነው ነው። ወባ በአገራችን ለዓመታት ሲቀንስ ቆይቶ፣ ጦርነትና መፈናቀል የጤና ሥራውን ካናጉት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20፣ 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

እኔ ልጅቷ እንደ እኔ እንድትሆን እመርጣለሁ። ትልመድ ማለት ታማ ትትረፍ ማለት ነው፤ መትረፏን ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ይህ ምርጫ ግን አንድ ግዴታ ይዞ ይመጣል፦ አጎበሩ በየጊዜው መታደስ፣ ርጭቱ ከዝናቡ በፊት መድረስ፣ ምርመራውም ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት፤ አንድ ዓመት እንኳ ቢዘለል የሚጎዱት ከሁሉ አስቀድሞ በደንብ የተጠበቁት ልጆች ናቸው። የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ይስቅና “ይህን ሁሉ የሚያደርግልኝ ማን ነው?” ይለኛል። ጥያቄው የሚገባው ለእኔ አይደለም፤ የወረዳውንና የክልሉን የወባ በጀት ለሚይዙት ነው፤ እነሱም ዘንድ ሄጄ ለመጠየቅ አስቤያለሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ።